በቤተ ሰብ እጅ ስለሚለወጥ ዶቅዶቄ

(በሬዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ከተማ የደረሰ ሰው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባሎች ፈረሶቻቸውን ሸልመው ሲጋልቡና ጉግስ ሲጫወቱ ለማየት ይችላል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ ፈረስ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት የዋለውን ውለታ ያስባል። ተመልካች ዐይኑን የሚጥለው በጋላቢው ላይ ነው። ነገር ግን ያ ፈረስ ለዚያች ዕለት የደረሰው በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይደለም፤ ገብሱን ያበላው ሌላ ነው፤ ግላሱን የሰፋችው ሌላ ናት፤ ልጁ ከመውጣቱ በፊት መቀነቻው መጥበቁንና ልጓሙ በደንብ መግባቱን በእጃቸው ዳስሰው የሚያረጋግጡት ደግሞ አባትየው ናቸው።

ዛሬ ጥቂት ቃል ለመናገር ያሰብሁት ስለ ፈረስ አይደለም፤ ከፈረሱ ጎን በእንጅባራና በዳንግላ ጎዳና ላይ ከተለመደ ስለ ቆየው፣ ሕዝባችን ከድምፁ የተነሣ ዶቅዶቄ ብሎ ስለ ሰየመው ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ይኸውም በውጭ አገር ስትሪት ትራከር የተባለው ዐይነት ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ አንድ ተራ ሞተር በግቢ ውስጥ በቤተ ሰብ ረዳትነት እንዴት ወደዚህ ቅርጽ እንደሚለወጥ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በሚለወጥበት ጊዜ ፈጽሞ መነካት የማይገባው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። በፈረስ የጀመርሁበት ምክንያት ወዲያው ይገለጣል።

በአሜሪካ አገር በየግዛቱ የእርሻና የከብት ትርኢት የሚደረግባቸው ሰፋፊ ሜዳዎች አሉ፤ በእነዚህም ውስጥ ለፈረስ እሽቅድምድም የተደለደሉ፣ ዙሪያቸው ግማሽ ማይል ወይም አንድ ማይል የሚሆን የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው የዐፈር መንገዶች ይገኛሉ። ሞተር ብስክሌት በተፈለሰፈ ጊዜ ወጣቶቹ አዲስ ሜዳ እስኪሠራላቸው አልጠበቁም፤ በፈረሶቹ ዱካ ላይ ገቡ። በኢሊኖይ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ባለው የትርኢት ሜዳ የአንድ ማይሉ የሞተር እሽቅድምድም የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1937 ነው። ውድድሩ ፍላት ትራክ ይባላል። ጋላቢው የሚዞረው ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ ነው፤ ከመታጠፊያው ሲደርስ የኋላውን ጎማ ሆን ብሎ ያንሸራትታል፤ በግራ እግሩ ያጠለቀውን የብረት ጫማ መሬት ላይ እየጎተተ ሚዛኑን ይጠብቃል። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሞተር መብራት የለውም፤ ጡሩምባ የለውም፤ መስተዋት የለውም፤ የፊት ፍሬንም የለውም። ፍሬን የሌለው ስለ ረሱት አይደለም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ በሚሮጥበት፣ የሚያቋርጥ ሰው በሌለበት የላላ ዐፈር ላይ ዘንበል ባለ ጊዜ የፊቱን ጎማ መያዝ መውደቅ ስለ ሆነ ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያቆይልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሃርሊ ዴቪድሰን የተባለው ፋብሪካ በ1970 ያወጣው ኤክስ አር 750 የተባለ ሞተር ለብዙ ዓመታት በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ሲገዛ ኖረ። ትንሽ የቤንዚን ታንክ፣ ስስ ኮርቻ፣ ከኮርቻው በስተኋላ ሽቅብ ያለ አጭር ጅራት፣ ሰፊ መሪ፣ ፊትና ኋላቸው እኩል የሆኑ የ19 ኢንች ጎማዎች፣ በጎን ከፍ ብለው የሚሄዱ የጭስ ቧንቧዎች፤ መልኩ ይህ ነበር። ያየው ሁሉ ወደደው። በሜዳ ሳይሆን በከተማ መንገድ ልንዳው ያለ ሰው መብራትና ታርጋ ገጠመለት፤ ያን ጊዜ ስትሪት ትራከር፣ ማለትም የጎዳና ትራከር፣ ተባለ። የጃፓኑ ያማሃ ፋብሪካ ባለ አንድ ሲሊንደር 500 ሞተሮች ለዚህ ሥራ የተመቹ ሆነው ተገኙ፤ ኢንዲያን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካም በ2019 ይህንኑ ቅርጽ ይዞ የተሠራ ሞተር ለገበያ አቀረበ። ይሁን እንጂ የነገሩ ጣዕም ያለው ተሠርቶ ከተገዛው ላይ ሳይሆን በቤት ከተሠራው ላይ ነው።

ቤተ ሰብ በዚህ ውድድር ውስጥ ያለው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። በኬንታኪ ግዛት በኦወንስቦሮ ከተማ የሚኖሩ ሄይደን የተባሉ ባልና ሚስት በወጣትነታቸው ሁለቱም በዐፈር ሜዳ የተወዳደሩ ነበሩ። ሦስቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ቶሚን፣ ኒኪንና ሮጀር ሊን፣ በዚሁ አሳደጉ፤ በ2002 በስፕሪንግፊልድ በተደረገ አንድ ውድድር ሦስቱ ወንድማማቾች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሆነው ገቡ። የቤታቸው ቁጥር 69 ነበር፤ አባትየው «ብወድቅና ብገለበጥ እንኳ ቁጥሬ ይነበባል» እያሉ ይቀልዱ እንደ ነበር ይነገራል። ኒኪ በ2006 በሞተር ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ። ያን ሁሉ ዘመን በሚያንሸራትት ዐፈር ላይ ሲጋልብ የኖረው ሰው በ2017 በኢጣልያ አገር፣ በተራ መንገድ ላይ፣ በፔዳል ብስክሌት ሲሄድ መኪና ገጭቶት በ35 ዓመቱ ሞተ። ሜዳና ጎዳና የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚቆሙትን ሞተሮች የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃቸዋል። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ለዓመታት ገጠሩን ያዳረሱባቸው ያማሃ ዲቲ 125፣ ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 እና እነርሱን የመሰሉት ናቸው። ሞተሩ አርጅቶ ከመሥሪያ ቤቱ ንብረት ሲወገድ በሐራጅ ይሸጣል፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ በዚያው ሞተር የሠራ ሰው ወይም ልጁ ነው። ለስትሪት ትራከር እንዲህ ያለው ሞተር ተስማሚ ነው፤ ቀላል ነው፤ አንድ ሲሊንደር ብቻ አለው፤ ቴላዮ የሚባለው የብረት አጽሙም ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራ ነው። ገዢው አስቀድሞ በሞተሩና በቴላዮው ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች በሊብሬው ላይ ከተጻፉት ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክር። ሞተሩ የተሟላ ሊብሬ ከሌለው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዛው፤ ሠርቶ ከጨረሰው በኋላ ከግቢው ሊያወጣው አይችልምና።

ሥራው የሚጀመረው በመፍታት ነው። የቤቱ ትንሽ ልጅ ለዚህ ይጠቅማል። የእያንዳንዱን ክፍል ቡሎንና ዳዶ ለብቻው በጣሳ አድርጎ ስሙን በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት፤ ከመፈታቱ በፊትም በስልክ ፎቶግራፍ ያንሣው። ትልልቆቹ የሚንቁት ሥራ ነው፤ ከወር በኋላ አንድ ዳዶ ጠፍቶ ግቢው ሲታመስ ግን ዋጋው ይታወቃል። የዕቃ መጫኛው ብረት፣ የጎን ሽፋኖቹ፣ ትልቁ የኋላ መብራት ሲነሡ ሞተሩ ብዙ ኪሎ ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ የቴላዮው ጅራት ይቆረጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመቆረጥ የሚችለው የኋላው ሞላ ከተያዘበት ስፍራ በስተኋላ ያለው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ፊት ያለው የጋላቢውን ክብደት የሚሸከም ስለ ሆነ አይነካም። ብየዳው በኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ሽቦ አስቀድሞ ይፈታል፤ እሳት የሚያድለው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥንም ወጥቶ ይቀመጣል፤ አለዚያ አንድ የብየዳ ብልጭታ ያቃጥለዋል። የቤንዚን ታንክን በሚመለከት ደግሞ ብዙ ሰው በተቃራኒው የሚያስበውን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ባዶ ታንክ ከሞላ ታንክ ይልቅ አደገኛ ነው። ቤንዚኑ ተቀድቶ ቢያልቅም ትነቱ በውስጡ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል፤ ይህ ድብልቅ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። የተቀደደ ወይም የጎበጠ ታንክ ከሞተሩ ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ውሃ ተሞልቶበት፣ ሥራውን ለሚያውቅ በያጅ ብቻ ይሰጥ። በግቢ ውስጥ ልጆች ከብበው ሳሉ ታንክ የሚበይድ ሰው ወንድም ቢሆን ሊከለከል ይገባዋል።

ኮርቻው የቤተ ሰቡ ሥራ ጎልቶ የሚታይበት ነው። ቅርጹ በመጀመሪያ በካርቶን ይቆረጣል፤ ጋላቢው ተቀምጦበት ይታያል፤ ካርቶኑ ሲስማማ ላሜራው በእርሱ ልክ ይቀረጻል። የሩጫው ሞተር ኮርቻ ስስ የሆነው ጋላቢው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚቀመጥበት ነው፤ ከእንጅባራ ዳንግላ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ግን ስፖንጁ አራት ጣት ያህል ቢወፍር ይሻላል። ቆዳውን በቤት የሲንጀር መኪና ያለችው እናት ወይም በሰገነት ላይ የሚሰፋው አጎት ሊሰፋው ይችላል። ለፈረስ ኮርቻና ግላስ በሚሰፋበት አገር ይህ እጅ አይጠፋም።

መሪው ሲሰፋ ገመዶቹ ያጥራሉ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ሰው ይጥላል። ሞተሩ ቆሞ በዝግታ እየሠራ፣ አንድ ሰው ከኋላ ይዞት፣ ሌላው መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙረው፤ በሚዞርበት ጊዜ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ የቤንዚኑ ገመድ እየተሳበ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሞተር በመታጠፊያ ላይ ሳይታዘዝ ይፈተለካል። የሞላው ልክም የሚታወቀው እንዲሁ በብዙ ሰው ነው። ጋላቢው በሙሉ ልብሱ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ሦስተኛው ከኋላው ጎማ መካከል እስከ ጅራቱ ያለውን ርቀት በሜትር ይለካል፤ የካቴናው መላላትም በዚያው ጊዜ ይታያል። ብቻውን ሆኖ ይህን ለማድረግ የሚችል ሰው የለም። ስለ ቤተ ሰብ እገዛ ስናገር ለደግነት ብቻ ብዬ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ከሁለት እጅ በላይ ስለሚጠይቅ ነው።

ስለ ጎማ ባጭሩ ልናገር። የገጠር ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ፊታቸው 21 ኋላቸው 18 ኢንች ነው። ሁለቱንም 19 ማድረግ ቸርኬውን ለውጦ ቀጫጭኖቹን የሽቦ ዘንጎች በአዲስ ልክ መወጠር ይጠይቃል፤ ይህንንም የለመደ የብስክሌት ጠጋኝ ይሠራዋል። የፊቱ ጎማ ሲያንስ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚዞረው ብዛት ስለሚጨምር፣ ከፊት ጎማ የሚነሣው የፍጥነት መቁጠሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አብልጦ ያሳያል። ገንዘብ ያነሰው ሰው ጎማውን እንዳለ ቢተወው በመልኩ ጥቂት ቢጎድልበት እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

የጭሱን ቧንቧ ግን ያለ እውቀት መቁረጥ ትርፉ ጩኸት ብቻ ነው። እንደ ዲቲ 125 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ናቸው፤ በእነርሱ ዘንድ በመካከሉ ሆዱ የተነፋው ቧንቧ የሞተሩ አንድ ክፍል ነው። ከሲሊንደሩ የወጣው የጭስ ግፊት ከቧንቧው ጫፍ ተመልሶ፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ቤንዚን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቧንቧው ከተቆረጠ ይህ ምላሽ ይጠፋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ኀይሉ ግን ይቀንሳል። ባለ አራት ምት የሆነው ኤክስ ኤል 125 ቢሆንም ማርሚታው ሲወጣለት የሚያገኘው ኀይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያተርፈው የጎረቤት እርግማን ነው።

በዚህ ላይ የአገራችን ደጋነት አለ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 74 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ማናቸውም አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ከኀይሉ ሩቡን ያህል ያጣል፤ ካርቡራተሩም በቆላ ልክ የተሠራ ከሆነ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛበታል። በባዕድ አገር መጽሐፍ ላይ «የአየር ማጣሪያውን ክፈት፤ የቤንዚኑን ቀዳዳ አስፋ» የሚለውን ምክር እንዳለ የተቀበለ ሰው እዚህ ሞተሩን በቤንዚን ያሰጥመዋል። መልሱን ካንዴላው ይናገራል። ጥቂት ተነድቶ ሲፈታ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል፤ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ለእንጅባራ የተስተካከለ ሞተር ቁልቁል ወደ ቻግኒ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚን ያጥረዋል፤ ባለ ሁለት ምት ከሆነ እስከ መንከስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቆላ የሚወርድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ካርቡራተሩን እንደ ገና ያስተካክለው።

አሁን አስቀድሜ ቆዩልኝ ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ወጣቱ በስልኩ ያየው የሩጫ ሞተር የፊት ፍሬን የለውም፤ የፊቱ ጎማ ባዶ፣ ቀጭንና ያማረ ነው። እርሱም መልኩን ለማስመሰል የፊት ፍሬኑን ፈትቶ ለመጣል ያስባል። እንግዲህ ሒሳቡን እንይ። ሞተር ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይንደረደራል፤ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ የፊቱ ጎማ ወደ መሬት ይጫናል። በደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሙ ኀይል ከሦስት እጅ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው የፊቱ ፍሬን ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሁለቱም ፍሬኖች በሚገባ ቢይዝ በ20 ሜትር ያህል ሊቆም ይችላል። በኋላው ፍሬን ብቻ ቢሆን 40 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ሌላው ሃያ ሜትር ከእንጅባራ መናኸሪያ ፊት ለፊት ምን እንደሚይዝ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከባጃጅ የሚወርድ ሰው ነው፤ ከሰል የጫነ አህያ ነው፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ነው።

ሥራው በግቢ ውስጥ፣ በቤተ ሰብ መካከል ሲሆን የሚያስገኘው ጥቅም ይህን ጊዜ ይታያል። በጋራዥ ውስጥ ገንዘብ የከፈለ ሰው ያዘዘው ይደረግለታል። በግቢ ውስጥ ግን ቡና የምታፈላው እናት ቀና ብላ «ልጄ፣ ከፊት የነበረው ልጓሙ ወዴት ሄደ?» ብላ ትጠይቃለች። ስለ ሞተር ምንም ባታውቅ ስለ ልጓም ታውቃለች። ልጁም የሩጫ ሞተር እንዲህ ነው ብሎ ቢያስረዳት፣ «ታዲያ አንተ የምትሄደው በሩጫ ሜዳ ነው ወይስ በገበያ?» ብትለው መልስ አይኖረውም። በእኔ አስተያየት ስትሪት ትራከርን ከሩጫው ሞተር የሚለየው መብራቱ ሳይሆን ይኸው የፊት ፍሬን ነው። ጥሩ አድርገው የሚሠሩት ሰዎች የተሻለ የፊት ፍሬን ይጨምሩበታል እንጂ አይቀንሱበትም።

ፓራፋንጎውም እንዲሁ ነው። ዝናብ በሚበዛበት በአዊ አገር ያለ ፓራፋንጎ የሚሄድ ሰው ጭቃውን በፊቱና ከኋላው ባለው ሰው ላይ ይረጨዋል፤ ማሳጠር ይቻላል፤ ማንሣት ግን አይገባም። የፊት መብራቱ በሩጫው ሞተር የቁጥር ሰሌዳ መልክ በተሠራ ላሜራ መካከል ቢገባ መልኩን ሳያበላሽ ያበራል። የኋላ መብራት፣ ፍሬቻ፣ መስተዋትና ጡሩምባ ሁሉም በስፍራቸው ይሁኑ።

በመጨረሻም የሕጉ ነገር አለ። ተሽከርካሪ ስለሚመዘገብበትና ስለሚመረመርበት ሁኔታ በ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 681 ወጥቶ ነበር። የቴላዮውን ቅርጽ፣ ሞተሩን ወይም ቀለሙን ለመለወጥ ያሰበ ሰው መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሐሳቡን ያስረዳ፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ይቅርታ ከመለመን አስቀድሞ መጠየቅ ይቀላል። የቴላዮው ቁጥር ያለበት ስፍራ አይቆረጥም፤ አይሞረድም፤ ወፍራም ቀለምም አይቀባም። በአዲስ አበባ በሞተር ብስክሌት ላይ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ገደብ ስለ ተጣለ፣ የዚያ ነዋሪ የሆነ ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ለመንዳት የሚፈቀድለት መሆኑን ያረጋግጥ። የራስ ቁር ማድረግም ግዴታ ነው፤ ለጋላቢውም ከኋላው ለሚቀመጠውም።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲያልቅ የመጀመሪያው ቀን ጉዞ አጭር ይሁን። ሰው በሌለበት ሜዳ በዝግታ ተነድቶ ሁለቱም ፍሬኖች ለየብቻ ከዚያም አብረው ይሞከሩ። አዲስ የተወጠሩ የጎማ ዘንጎችና አዲስ የታሰሩ ዳዶዎች በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች መላላታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ፣ ከዚያም 200 ሲሞላ፣ ሞተሩ በግቢው ውስጥ ቆሞ እያንዳንዱ ዳዶ እንደ ገና በቁልፍ ይፈተሽ። ይህን ያጠበቀው ሰው ራሱ ባይፈትሸው ይመረጣል፤ አባትየው ወይም ታናሽ ወንድሙ ቁልፉን ይዞ ከፊት ጎማ ጀምሮ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ባለቤቱም አጠገቡ ቆሞ ይቁጠርለት።